በበራዱ ሆድ ማን ኖራ?

ተረት ልቅዳላችሁ? «ቅጂልን!» በሉኛ! እንስራው እስኪሞላ ጆሮ ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም እንደ ሰው አፍ በነበረው ዘመን፣ ዓለት በበዛበት አገር፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ እትዬ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ የሻይ በራድ ነበራት። በራዱ በጉብዝናው ጊዜ ጥደውት ዘወር ከማለታቸው ይንተከተክ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ተጥዶ ፀሐይ እስክትከር አልፈላ አለ። ደንበኛው ጠረጴዛ ይደበድባል። «ሻዩ የት ደረሰ? ገና እየተዘራ ነው እንዴ?» ይላል። እትዬ ደብሪቱ ታፍራለች፤ ባፈረች ቁጥር ደግሞ ትቆጣለች።

«አንተ ሰነፍ!» አለችው አንድ ቀን። «ቅዳሜ ልዋጩ ሲመጣ በፕላስቲክ ጆግ ነው የምለውጥህ!»

በፕላስቲክ ጆግ! እሳት ቢያይ ቀልጦ በሚቀር ጆግ! በራዱ ሆድ ባሰው። ሰነፍ አለመሆኑን ያውቃላ! ከዓለቱ ሥር የምትቀዳው ውሃ ስትገባ ኩልል ያለች ናት፤ ስትፈላ ግን ኖራዋን እሆዱ ትታ በእንፋሎት ሹልክ ትላለች። ኖራዋ ተጋግራ ተጋግራ ድንጋይ ሆናበታለች። በድንጋይ ላይ ውሃ ጥዶ ማፍላት ደግሞ ምን እንደሚመስል የጣደ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ለከሰል አቤት አለ።

«ወንድሜ ከሰል፣ አልሰነፍኩም። በሆዴ ኖራ!»

«ማን ኖራ?»

«ኖራ!»

«እኮ ማን ኖራ? ስም የላትም?»

«ስሟ እኮ ነው! ኖራ!»

«እኔ ላንተ ስል ነድጄ አመድ ልሆን ነው፣ አንተ የሴት ወሬ ታመጣብኛለህ?» አለና ከሰል ፍንጣሪውን ተፋበት።

በራዱ ወደ አውራ ዶሮ ዞረ። አውራ ዶሮ ማንም ሳይሾመው የግቢው ዳኛ ነኝ ባይ ነበር።

«ጌታዬ ይፍረዱልኝ። በሆዴ ኖራ!»

«ከመቼ እስከ መቼ ኖራ?»

«ኧረ ኖራ ነው የምልዎት!»

«ኖራስ ወዴት ሄደች?»

«የትም አልሄደችም! እዚሁ ናት!»

አውራ ዶሮ ደረቱን ነፋ። «እንግዲያው ‹ትኖራለች› በል እንጂ! ሰዋስው የማያውቅ ከሳሽ ችሎቴን አያውክብኝ!»

የኔ በራድ በሦስተኛው ለራሷ ለእመቤቱ ሊነግር ቆረጠ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሹፌሮች ተቀምጠው ሳሉ ጮክ ብሎ ተናገረ። ምነው ዝም ባለ ኖሮ!

«እትዬ፣ በሞቴ ይስሙኝ። በሆዴ ኖራ!»

«ምን ኖራ?» አለች እትዬ ደብሪቱ ደንግጣ። «በረሮ ኖራ?»

ሹፌሮቹ ብርጭቆአቸውን ቁጭ አደረጉ። አንደኛው፣ ጋሽ ገብረየስ፣ የጎረሰውን ሻይ መሬት ላይ ተፋው። «በረሮ የከረመበትን ነው እስከዛሬ ያጠጣሽን?» ብለው ተያይዘው ወጡ።

እትዬ ደብሪቱ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጉድ ሠራኸኝ! ቆይ ብቻ፣ ልዋጩ ይምጣ!» አለችና በራዱን ከነውሃው አንስታ ደጃፉ ላይ፣ ከሳሙናና ለሻይ ከተቆረጠች ግማሽ ሎሚ አጠገብ ዘጭ አደረገችው። ከላይ ሰፈር «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«እግዚኦ!» አለ በራዱ። «ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ልንገራቸው?»

«እኔንስ ብታይ!» አለ ሳሙና። «በዚያች ውሃ አረፋ አልወጣ ቢለኝ ሰነፍ ተብዬ የለም? ታሽቼ ታሽቼ አለቅሁ እኮ።»

ሎሚ ከት ብላ ሳቀች። «እናንተ ሞኞች! ስሟን ብትጠሩት ካልገባቸው አውጥታችሁ አታሳዩአቸውም? በል ክዳንህን ክፈትልኝ።»

በራዱ ክዳኑን ከፈተ። ሎሚ ዘላ ገባችና ትኩሱ ውሃ ውስጥ ጭማቂዋን ለቀቀች። ሆዱ ውስጥ ፍሽሽ አለ። ኖራዋ ፈላች፣ አረፋ ደፈቀች፣ ከሥሯ ተናደች።

ልዋጩ ደረሰ። ቀዩን ጆግ ከጆንያው አወጣ። እትዬ ደብሪቱ በራዱን ከመስጠቷ በፊት ውስጡ የቀረውን ውሃ ደፋችው። ነጭ ቅርፊት ከነሎሚዋ ዝርግፍ! አንዱን አነሳችና በጥፍሯ ፋቀችው።

«እንዴ! ይሄ ኖራ አይደለም እንዴ? ግድግዳ የሚቀባው ኖራ!»

«እሷን አይደል እንዴ ስለፈልፍ የከረምኩት!» ብሎ በራዱ ጮኸ።

እትዬ ደብሪቱ ለዘብ አለች። «ታዲያ መጀመሪያውኑ ‹ድንጋይ› አትለኝም ነበር?»

በራዱን ውሃ ሞልታ ጣደችው፤ ወዲያው ተንተከተከ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ልዋጩ ጠጣና ጆጉን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ደብሪቱ ለሻይም ለልብስም የጣራውን ዝናብ በበርሜል ታጠራቅም ጀመር። ዝናቡ ሲያልቅ የዓለቱን ውሃ ትቀዳለች፤ በራዱንም ቅርፊት ሳይዝ ሎሚ ታፈላበታለች። ውሃ ግን አመሏን አልተወችም።

«ደግሞ መጣሽ?» ይላታል በራዱ።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ኩልል ያልኩ አይደለሁም?» ትለዋለች።

ለዚህ ነው የአገሩ ሰው እንዲህ የሚለው፦

በእንግድነት ገብታ፣ ከሆድ ኖራ ኖራ፣
ባለቤቱን ጣለችው ከሰነፎች ተራ።

ተረቴን መልሱ፤ ሰነፍ ያላችሁትን ሆዱን ዳስሱ።