ውሃ ውስጥ የቀረችው ታንኳ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ፤ ስሙ ባይለየኝ ይባላል። እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እንጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ትከርምና በዕረፍቷ ቀን አንድም ከአባቷ ጋር ሐይቅ ላይ ትቀዝፋለች፣ አንድም ከጓደኞቿ ጋር በገመድ ገደል ትወጣለች። በሁለቱም ጎበዝ ናት፤ የባይለየኝ ልጅ አይደለች እንዴ!

ታዲያ አንድ ዓመት የታንኳው ውድድርና የትልቁ ተራራ ጉዞ አንድ ቀን ላይ ዋሉ። ልጅት ጨነቃት። ደጃፍ ተቀምጣ የተራራ ገመዷን እየፈተሸች፣ «አባዬ፣ ሁለቱንም እወዳለሁ። አንተው ምረጥልኝ» አለችው።

እውነቱን እንናገርና አባትየው አፍ ላይ የመጣው «ታንኳ» ነው። ልጁን ከጎኑ አድርጎ በሰው ሁሉ ፊት መቅዘፍን ስንት ጊዜ ተመኝቷል። ግን ወደ ሐይቁ ዞር ቢል፣ ጠዋት የቀዘፈችባት ታንኳ እዚያው ውሃ ውስጥ ናት። ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ተስቦ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል።

«ታንኳዋን ማን ያውጣት?» አላት።

«ውይ፣ ረሳኋት። ሁልጊዜ አንተ ታወጣት የለ?»

«ገመድሽንስ ረስተሽው ታውቂያለሽ?»

እንጉዳይ እጇ ላይ ያለውን ገመድ አየች።

«በቃ፣ መርጠሻል። ሂጂ ልጄ» አላት።

በውድድሩ ቀን ባይለየኝ ብቻውን ቀዘፈ። ባልንጀሮቹ «ልጅህ ከዳችህ አሉ» እያሉ ተረቡት። ሐይቁ መሐል ሲደርስ ግን ተራራው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ብልጭ አለ። ጠዋት ሊላጭ ፈልጎ ያጣው መስተዋቱ ነበር።

መቅዘፊያውን አስቀመጠ። «እዩዋት፣ ያቺ ልጄ ናት!» እያለ ወደ ተራራው ሲጠቁም ታንኳው ሁሉ አለፈው። መጨረሻ ወጣ። የዚያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ባይለየኝ ግን እስካሁን ያገኘውን ሰው እያስቆመ ያችን ብልጭታ ያወራል።

ወዳጆቼ፣ ደስታውንና ጭብጨባውንማ ማን ይጠላል? የእናንተ የሆነው ግን ጣጣውንም ማንም ሳያዛችሁ የምትሠሩለት ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ ከእናንተ ታንኳ ስለወረደ ኩራታችሁ አብሮ አይወርድም፤ ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ደጃፍ ተቀምጣችሁ የምትፈትሹት የእናንተ ገመድ የቱ ነው?