አንጓችና የድንጋይ ሽበት በቀዩ ኮከብ

«ተረት ተረት» ስላችሁ ምን ትላላችሁ?

«የመሰረት!»

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ የምድራችን ጎረቤት በሆነው በቀዩ ኮከብ ላይ፣ ቁር የሚባል ግዙፍ ፍጡር ይኖር ነበር። እዚያ ሣር የለም፤ ወፍ የለም። ያለው ብርድ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቁር ወደ ምድር ወረደ። የረገጠው የገብስ ማሳ ሁሉ በውርጭ ተመታ። በምድር ንጉሥ ፊት ቆመና፣ «ነፍስ ያላቸው ሦስት ነገሮች ወደ አገሬ ላክ። አንዱ እንኳ ዓመት ከኖረ ዳግመኛ አልመጣባችሁም። ሦስቱም ከሞቱ ግን ምድርህን እወርሳለሁ» አለው።

ውሃና እሳት መላክ ክልክል ሆነ። ፀሐይ ዳኛ ሆነች።

ንጉሡ መጀመሪያ አንበሳ ላከ። ክንፉ ደመና የሚያክል አሞራ ተሸክሞ አደረሰው። አንበሳው ሳይመሽ ሞተ። ቀጥሎ ጠጉሩ የበዛ በግ ላከ። በጉ ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ እህል አልበላ አለው።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ድሃ ሴት ነበረች። የምትተዳደረው ለሰው ማሳ ካብ እየካበች ነው። አንድ ጠዋት ድንጋይ ስታነሳ፣ በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የበቀለው ግራጫ የድንጋይ ሽበት አናገራት።

«ልጄ፣ እኔን ላኪኝ። ሲበርደኝ እተኛለሁ እንጂ አልሞትም። አንዲት ጠብታ ከነካችኝ እነቃለሁ። ጠብታዋን ግን አንቺ ፈልጊልኝ» አላት።

አንጓች ድንጋዩን አቅፋ ወደ ንጉሡ ሄደች። ሹማምንቱ ሳቁባት። ንጉሡ ግን ሌላ የሚልከው አልነበረውምና እሺ አለ፤ አሞራውም ድንጋዩን ወስዶ ቀዩ ኮከብ ላይ አኖረው።

ዓመቱ ሲሞላ አንጓች በአሞራው ጀርባ ወደዚያው ሄደች። አሞራው ብርዱን በክንፉ ከለለላት። ድንጋዩ ደርቋል፤ ሽበቱ አመድ መስሏል። ቁር፣ «ሞቷል!» ብሎ ሊፎክር ሲል፣ አንጓች በፀሐይ ፊት «ሽማግሌውን ሽበት ልሳለመው» ብላ ለመነች። ተፈቀደላት።

ድንጋዩን አንስታ እጅ ነሳች። «አባቴ፣ እንዴት ከረሙ?» አለች። ቁር ፈገግ አለ።

«ልጆችዎስ ደህና ናቸው?» አለች። ቁር ከት ብሎ ሳቀ።

«ላሞችዎስ ወለዱልዎ?» አለች። ቁር ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ሲስቅ ሲስቅ እንባው በጉንጩ ወረደ። አንጓች ሮጣ ድንጋዩን ከአገጩ ሥር ያዘችው። ጠብ አለች፣ አንዲት የእንባ ጠብታ።

አመድ የመሰለው ሽበት አረንጓዴ ሆነ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ብርዱንም እየለመድኩት ነው» አለ።

ቁር ሳቁን ትቶ፣ ውሃ ገብቷል ብሎ ሊከስ ተነሳ። እንባው ከራሱ ዓይን ስለ ወጣ የሚከሰው ሰው አጣ። ፀሐይ፣ «ተረትተሃል» ብላ ፈረደችበት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ በረዶው ሄደ፤ ምድርንም ዳግመኛ አልረገጠም።

ሽበቱ እዚያው ቀረ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሻገረ ዘመዱን አበዛ። አንጓች ስትመለስ አገሩ በእልልታ ተናወጠ። ንጉሡም ከዙፋኑ ተነስቶ፣ በእግሩ ሄዶ ተቀበላት።

አያችሁ ልጆች? ትንሽ ነው ብላችሁ ማንንም አትናቁ። ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም።

ተረቴን ለጎረቤት ልጆች አድርሱ፤ እኔንም አንድ ጭብጥ ቆሎ አጉርሱ።