የጥርስ ማሟሻ ቀን

በእንኮይ በር ዱር ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። አንበሳው ያዝዛል፤ ጅብ በግቢውና በዱሩ መካከል መልእክት ያመላልሳል፤ የቀሩት ይታዘዛሉ። አንበሳው በየሳምንቱ አንድ እንስሳ ይበላል። ይህም ቢሆን በዘፈቀደ አልነበረም፤ በተራ ነበር፤ ተራውንም የሚያወጣው የተገዢዎቹ ጉባኤ ራሱ ነበር። “ሌሎች ዱሮች እኮ ተራ እንኳ የላቸውም” እያሉ ይጽናናሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ከሥርዓቶቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚኮሩበት ግን ማደጎው ነበር። የአንበሳው አልጋ ወራሽ ዐይኑን በገለጠ በወሩ ለተገዢዎቹ ይሰጥና ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት እነሱ ዘንድ ያድጋል። አንበሳው ይህን የፈቀደው ልጁ የተገዢዎቹን ጠረን፣ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድና የሚደበቁበትን ጥሻ ከሕፃንነቱ እንዲያውቅ ብሎ ነው። ተገዢዎቹ ደግሞ “አብሮን ያደገ አይጨክንብንም” ብለው ተቀበሉት። ሁለቱም ወገን ሌላውን የሸወደ ይመስለው ነበር።

ማደጎው የሚያበቃው በጥርስ ማሟሻ ነው። በመጨረሻው ቀን ደቦሉ በጉባኤው መካከል ይቆምና ከእንስሳቱ አንዱን መርጦ የመጀመሪያ ግዳዩን ይጥላል፤ ከዚያ ጅብ ይዞት ወደ አባቱ ግቢ ይመለሳል። ሦስት ነገሥታት በዚህ መንገድ አልፈዋል። ሦስቱም የጣሉት አብሯቸው ጡት የጠባውን ነበር። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ በዚያ ቀን ሁሉም ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አጠገባቸው የሚቀረው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ተገዢዎቹ ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አዲስ ደቦል በመጣ ቁጥር “ይሄኛው ግን ደግ ፊት አለው” ማለታቸውን አልተዉም።

በዚያ ዓመት ደቦሉን ማን ያጥባው የሚለው ነገር ጉባኤውን ሁለት ቀን አከራከረ። በመጨረሻ ዕጣው ሳይወጣ በድኩላዋ በይመኙሻል ላይ ወደቀ። ባሏ ባለፈው በጋ በተራው ሄዷል፤ እሷ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ አንጓች የምትባል ሴት ግልገል አለቻት። የተመረጠችው ደግ ናት ተብላ ሳይሆን ወተት ስላላትና የሚከራከርላት ስለሌላት ነው። ይመኙሻል ደቦሉን ስትቀበል አንድ ነገር በልቧ ቆረጠች። ይህ ልጅ በመጨረሻው ቀን ማንንም ሳይገድል እንዲሄድ አድርጋ ታሳድገዋለች። ያለዚያ ልጇ እንደማትተርፍ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ደቦሉ ሲመጣ ከድመት አይበልጥም ነበር። ነጎድጓድ ይፈራል። እሾህ ሲወጋው እያለቃቀሰ ይመጣል። ከአንጓች ጋር ጡት ይሻማል፤ ሲጠግቡ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመው ይተኛሉ። አንድ ቀን ኩሬው ውስጥ መልኩን አይቶ፣

“እማ፣ ይሄ ማነው?” አላት።

“አንተ ነህ።”

“ቀንድ ይወጣልኛል?”

“አይወጣልህም።”

“ለአንጓችስ?”

“ለእሷም አይወጣላትም። ሴት ድኩላ ቀንድ የላትም።”

“እንግዲያው አንድ ነን” ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

መናከስ የጀመረው ድዱን ሲያሳክከው ነው። አንጓችን ሲነክሳት ይመኙሻል በሰኮናዋ አፍንጫውን ቸብ ታደርገዋለች። “ያማል” ትለዋለች። “እንዴት ነው የሚያመው?” ይላል። “አንተን እሾህ ሲወጋህ እንዳመመህ።” ይህን ሲሰማ ትንሽ ያስብና ጥርሱን ያላቅቃል። ሦስት ወር ሳይሞላው መንከስና መጫወት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አወቀ። ይመኙሻል ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብላ ተኛች።

ነገሩ የተበላሸው ጠያቂ ሲበዛ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው የጉባኤው ተናጋሪ እመት ጦጢት ነበረች፤ ሾላ ይዛ። ደቦሉ እንግዳ ሲያይ ፈራና እር አለ። ጦጢት በጀርባዋ ተዘርራ ዐይኗን ጨፈነች። ደቦሉ የገደላት መስሎት ይመኙሻል ሆድ ሥር ገብቶ አለቀሰ። ጦጢት ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና አጨበጨበች።

“አላመመሽም?” አላት ደቦሉ፣ እንባው ሳይደርቅ።

“እንዴት ያመኛል ጌታዬ? ክብር ነው እንጂ።”

ደቦሉ ግራ ተጋብቶ ይመኙሻልን አያት። በማግስቱ የጉባኤው ሰብሳቢ አያ ከርከሮ መጣና ገና ጡት ያልጣለውን ልጅ “እርስዎ” እያለ አነጋገረው። ከእሱ ኋላ ምሁሩ አለቃ ጃርት መጣ፤ ልዑሉን እንዳይወጋ ብሎ እሾሁን ሁሉ በጭቃ ለስኖ። ደቦሉ እር ሲል ሁሉም ይወድቃሉ። ሁለተኛ እር ሲል ሁሉም ይነሡና ያጨበጭባሉ። ልጅ ነውና ጨዋታው ጣመው። በሳምንቱ ሳይፈራም እር ማለት ጀመረ።

ከዚያ አንዲት ጥንቸል መጣች። ከደቦሉ ጋር ሲጫወቱ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ነጨባት። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ስትመለስ ጦጢት መንገድ ላይ አገኘቻት። “ምን ያስለቅስሻል? የልዑሉ ጥርስ ያረፈበት ጆሮ እኮ ነው። ነገ ሲነግሥ በዚህ ያውቅሻል፤ ተራሽም ይዘለላል” አለቻት። ጥንቸሏ እንባዋን ጠረገች። በማግስቱ የተነጨው ጆሮዋ ለሁሉም እንዲታይ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስትሄድ ታየች።

በወሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፉ ጀመር። ጆሮ የሌለው ወፍ ክንፉን ያቀርባል፤ ኤሊ እንኳ ከድንጋይ ልብሷ አንገቷን አውጥታ ተራዋን ትጠብቃለች። ያልተነከሰ ልጅ ከተነከሰ ልጅ ጋር ውሃ መውረዱ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። ከሩቅ ሠፈር የመጣች አንዲት ሚዳቋ ልጇን ይዛ ሦስት ቀን ተሰልፋ፣ ደቦሉ “ዛሬ ጥርሴ ደክሟል” ቢላት “በቸርነትዎ፣ ትንሽ እንኳ ቧጨር ያድርጉልኝ” ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አዘነላትና ቧጨረላት።

ይመኙሻል በየማታው ያንኑ ትነግረዋለች። ያማል ትለዋለች። ነገር ግን እሷ አንድ ናት፤ ሌሎቹ ብዙ ናቸው። ልጅ ደግሞ ማን መሆኑን የሚያውቀው ከሌሎች ፊት ላይ ነው፤ እሱን ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ እያየ ነው። ደቦሉም በየፊቱ ላይ ያየው አንድ ዓይነት ነገር ነበር። ኩሬው ውስጥ ያየውን ትንሽ ፍጥረት እየረሳው ሄደ።

አንድ ቀን አንጓችን ትከሻዋ ላይ ነከሳት። ደም ወጣ። ደቦሉ ወዲያው ዞር ብሎ አጨብጫቢዎቹን ፈለገ፤ አልጎደሉም። ይመኙሻል ይህን ስታይ ደሟ ፈላ፤ መጥታ አፍንጫውን መታችው፤ ቸብ ሳይሆን ምት።

ጉባኤው በማግስቱ ተጠራ።

“ልዑሉን መትተሻል?” አለ ከርከሮ።

“መትቻለሁ።”

“በምን?”

“በሰኮናዬ። ልጅ ሲያጠፋ እንዲህ ይደረጋል።”

“ልዑል ያጠፋል እንዴ?” አለች ጦጢት ወደ ተሰብሳቢው ዞራ። ተሰብሳቢው ራሱን በአንድነት ነቀነቀ።

ይመኙሻል ንግግር አዋቂ አልነበረችም። “አያ ከርከሮ፣ ይህ ልጅ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም” አለች። “ከኛ ነው የሚማረው። በሮጣችሁለት ቁጥር አሳዳጅ ነህ ትሉታላችሁ። በወደቃችሁለት ቁጥር ጣይ ነህ ትሉታላችሁ። አባቱ አንበሳ አድርጎ ወለደው፤ እኛን በሊታ አድርጋችሁ የምታሳድጉት ግን እናንተ ናችሁ። ሦስቱንም ያሳደግናቸው እኛው ነን። ይሄን አንዱን እንኳ ተዉልኝ።”

አለቃ ጃርት ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። “እመት ይመኙሻል ያለችው በመሠረቱ ትክክል ነው” አለ። “እኔም ለብዙ ዓመታት ሳስበው የኖርኩት ጉዳይ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። አሁን ብንቆጣው ቂም ይይዝብናል። ከነገሠ በኋላ፣ ሰከን ሲል፣ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።”

ሁሉም በጃርት ብስለት ተደነቀ። ይመኙሻል ትክክል መሆኗ በሙሉ ድምፅ ተመዘገበ፤ ደቦሉም በሙሉ ድምፅ ተወሰደባት። ሰባት አባላት ያሉት አሳዳጊ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንጓችም አብራ እንድትሄድ ተወሰነ።

“እሷን ደግሞ ለምን?” አለች ይመኙሻል።

“ልዑሉ ያለ እሷ እንቅልፍ አይወስደውም” አለ ከርከሮ። “እኛ ልጅ አስለቃሾች አይደለንም።”

ከዚያ ወዲህ ይመኙሻል ልጆቿን የምታየው ከኮረብታው ላይ ሆና ነበር። ልጆቿን ነው የምለው፤ እሷም ሁለቱን ለይታ አታውቅም ነበር። ኮሚቴው በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድም ጊዜ “ተው” አላለውም።

የጥርስ ማሟሻው ቀን ደረሰ። ጅብ በጠዋት መጣና አንድ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አዛጋ። እንስሳቱ ደቦሉን ክብ ሠርተው ከበቡት። ክቡ ግን አልረጋም፤ እያንዳንዱ አንዳንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ መሬቱ ባዶ ሆነ። መሐሉ ላይ ከደቦሉ ጋር የቀረችው አንጓች ብቻ ነበረች። ወንድሟን እንድትፈራ ያስተማራት አልነበረም።

“ጌታችን፣ ይምረጡ” አለ ከርከሮ።

ደቦሉ ዙሪያውን ተመለከተ። “ከመረጥኩ በኋላስ?”

“ይጥሉታል።”

“አልራበኝም” አለና አንጓች አጠገብ ተጋደመ። አገጩን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ዐይኑን ከደነ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ከኮረብታው ወርዳ ከክቡ ጀርባ የቆመችው ይመኙሻል ይህን አየች። ከሰባት አሳዳጊ፣ ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ ያ የሦስት ወር ወተት ተርፎ ኖሯል። ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ከርከሮ ግን አላበው። ወደ ጅብ ሮጦ፣ “ትንሽ ይታገሡን፤ ልዑሉ አሞት ነው” አለ።

“እኔን አትለማመጠኝ” አለ ጅብ። “የታዘዝኩት ያየሁትን እንድናገር ነው። ከገደለ ገደለ፣ ካልገደለ አልገደለም እላለሁ። ጌታዬም አጥብቀው የሚጠይቁ አይመስለኝም። ያለፈውን ጊዜ ስነግራቸው ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።”

ከዚህ በላይ ፈቃድ ከግቢው ሊመጣ አይችልም ነበር። ተገዢዎቹ ግን በዚህ ይበልጥ ተሸበሩ። “አበላሽተው አሳደጉት ልንባል ነው” አለ አንዱ። “መነከሳችን በከንቱ ሊሆን ነው” አለች ጥንቸሏ። አለቃ ጃርት፣ “ለሥርዓቱ መሟላት ያህል ብቻ አንድ ነገር ቢደረግ” ብሎ ቀሪውን ለብልህ ተወው።

ከርከሮ ጎንበስ ብሎ ሮጠ። ክራንቻው አንጓችን አንድ ጊዜ ብቻ አገኛት፤ ድምፅ ሳታሰማ ወደቀች። ጦጢት መዳፏን ደሙ ውስጥ ነክራ የደቦሉን አፍ ቀባችና ወደ ጅብ ዞረች።

“ገድሏል” አለች።

ጅብ ገልመጥ አድርጎ አያቸው። “እሺ፣ ገድሏል” አለ።

እልልታው ቀለጠ። ደቦሉ በጩኸቱ ነቅቶ ብድግ አለና አንጓችን በአፍንጫው ነካካት። “ተነሺ” አላት። ከዚያ ቀና አለ።

“እኔ ነኝ?”

“እርስዎ ነዎት ጌታችን፤ በአንድ ምት” አለ ከርከሮ፣ ክራንቻው እንደቀላ።

“እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።”

“ተኝተው ነው የጣሏት” አለች ጦጢት። “ግርማ ማለት እንዲህ ነው።”

ደቦሉ ክቡን ዞሮ አየው። ያየው ፊት ሁሉ “አዎ” ይለዋል፤ የተነጨ ጆሮ ያላቸው ልጆችም “አዎ” ይሉታል። በመጨረሻ ይመኙሻልን ፈለጋት። እየተገፋች፣ እየገፋች ስትመጣ አያት። “አንተ አይደለህም ልጄ” ትላለች። “አንተ አይደለህም፣ እነሱ ናቸው።” ያለ የሌለ ድምፅዋን አውጥታ ትጮሃለች።

እልልታው ግን ድምፅዋን እሱ ዘንድ አላደረሰውም። የሚያየው አፏን ብቻ ነው፤ የሁሉም አፍ ተከፍቶ ስለነበር እሷም እልል የምትል መሰለው። እናቱም እንዲህ ካለች ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው። ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ፤ ከዚያም ጅቡን ሳይጠብቅ ወደ አባቱ ግቢ ተራመደ።