ኳሷ ሳትቆም መነሣት

አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት፣ ሥራዋ ኳስ መልቀም። አዎ፣ ኳስ መልቀም። ምን ያስቃችኋል? ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ነው።

በአንድ የቴኒስ ክለብ፣ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጠዋት ሜዳውን ትጠርጋለች፣ ውኃ ታርከፈክፋለች፣ ነጩን መስመር ታጸዳለች። አባላቱ መጥተው መጫወት ሲጀምሩ ከኋላ ግንቡ ሥር ትቆማለች። ኳስ ወጥታ ስትቆም ሮጣ አንሥታ ታቀብላለች። እኔ ስለ ቴኒስ የማውቀው ነገር የለም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ባለፈው እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ እዚያ በር ላይ አቁማኝ፣ ያውም እየራበኝ። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ብሳሳት ታገሡኝ።

ስሟን ልንገራችሁ፣ ፈቅዳልኛለች። አስካለ ትባላለች።

አስካለ አባላቱ ሲሄዱ፣ ሰው በጣለው ራኬት ኳስ ከግንቡ ጋር ታጋጭ ነበር። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። እጇ ተገራ። የክለቡ ነባር አሰልጣኝ ጋሽ ዘርጋው አንድ ቀን ቆመው አይተዋት፣ "አስካለ፣ ይሄ እጅ ኳስ ሲለቅም ማርጀት የለበትም" አሏት።

በዚያው ሰሞን ክለቡ ለጀማሪ ልጃገረዶች ረዳት አሰልጣኝ ፈለገ። አስካለ አመለከተች። የክለቡ ሊቀመንበር ማመልከቻውን ሁለቴ አነበበው።

"አንቺ ነሽ ያመለከትሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ጋሽ ዘርጋው ከመረቡ ማዶ ሆነው ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ሠላሳ ኳስ ይመቱላታል። ሃያውን መልሳ ሜዳው ውስጥ ማሳረፍ አለባት። ከቻለች ታስተምራለች። ካልቻለች ወደ ግንቧ ትመለሳለች፤ ሌላ ሰው ይቀጠራል፣ እሷም የዚያን ሰው ኳስ ትለቅማለች።

ስንት የመለሰች ይመስላችኋል? ስድስት።

ሊቀመንበሩ አልጮኸባትም። አዘነላት። ይሄ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። "አስካለ፣ በዚህ ዕድሜ እግር አይማርም። ጊዜሽ አልፏል። በያዝሽው ሥራ እኮ ጎበዝ ነሽ" አላት።

ጊዜሽ አልፏል! ይህን ነገር ስንቶቻችሁ ተብላችኋል? እጅ አታውጡ፣ አውቃችኋለሁ።

እሷ ምን አለች? አላለቀሰችም። አላመሰገነችም። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ፈትኑኝ" አለች። ሌላ አመልካች ስላልነበረ ሊቀመንበሩ እሺ አለ።

በማግሥቱ ጋሽ ዘርጋው ሜዳው ዳር አስቀመጧትና፣ "እጅሽ ምንም አልጎደለውም። እግርሽ ግን ማንን ነው የሚጠብቀው?" አሏት።

"ማንንም አይጠብቅም፣ ጋሼ።"

"መቼ ነው የምትነሺው?"

"ኳሷ መሬት ስትነካ ነዋ።"

"ያኔማ አልቋል። እኔ ስመታ ጧ የሚል ድምፅ አለ። እዚያ ሜዳሽ ላይ ስታርፍ ደግሞ ጠብ ትላለች። ከጧ እስከ ጠብ ያለው ጊዜ ያንቺ ነው። አንቺ እሱን ሁሉ ቆመሽ ታሳልፊና ከጠብ በኋላ ትሮጫለሽ። ምን ነክቶሽ ነው?"

አስካለ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። "አትነቃነቂ ተብዬ ነው" አለች።

ምን መሰላችሁ? ሥራ የጀመረች ቀን ነው። አንድ አባል ሊመታ ሲል እሷ ለኳስ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ሰውዬው ጨዋታውን አቁሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ "አንቺ! ኳሷ ሳትቆም ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ" አላት። የክለቡ ደንብ ነው፤ የተጫዋች ዓይን እንዳይወሰድ። እሷም ተቀበለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ በተመታች ቁጥር እግሯን መሬት ላይ ቸክላ ቆማ አየች። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ?

እንግዲህ ልብ በሉ። እግሯ ሰነፍ አልነበረም። እግሯ ታዛዥ ነበር። ራኬት ይዛ፣ መስመሩን አልፋ፣ ሜዳው መሀል ገብታም እግሯ ገና የግንቡን ደንብ እያከበረ ነበር።

ደንቡ ክፉ ነው አላልኩም። ለኳስ ለቃሚ ትክክል ነው። እሷ ግን ያን ሰዓት ኳስ ለቃሚ አይደለችም፤ ተጫዋች ናት። ቦታዋ ተለውጧል። ለእግሯ ግን ማን ይንገረው?

ጋሽ ዘርጋው ራኬቱን ነጠቋት። "ይሄን ሳምንት እግር ብቻ" አሏት። እሳቸው ሲመቱ፣ በጧ፣ ትንሽ ዝላይ፤ ከመሬት ጣት ያህል ብቻ። ስትዘልም "አሁን" ብላ ትናገራለች፤ እግሯ ከአፏ እንዲሰማ። ከዚያ ወደ ኳሷ መሮጥ። ሜዳውን ስትጠርግ እንኳ ከጎረቤት ሜዳ ጧ በሰማች ቁጥር መጥረጊያዋን ይዛ ትዘላለች። ሰው አበደች አለ። ይበል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መነሣት ስትለምድ ቸኮለች። ኳሷን ቀድማ ትደርስና እዚያ ተገትራ ትጠብቃለች፤ እግሯ እንደገና ይደነዝዛል፣ ምቷም ይበላሻል። "ከደረስሽም አትቁሚ" አሏት ጋሽ ዘርጋው። "መጀመሪያ ሰፋ ሰፋ ያለ እርምጃ፣ ኳሷ ጋ ስትቀርቢ ደግሞ ጠበብ ጠበብ ያለ። እግርሽ እየተነቃነቀ ጠብ ስትል እጅሽን ልቀቂው።" ይሄ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እልኸኛ ናት፣ አልለቀቀችም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብሎ፣ "አስካለ፣ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት" አላት።

"ልኬን ሜዳው ይንገረኝ፣ ጌታዬ" አለችው።

ሊቀመንበሩ ሄዶ ከኋላዋ ግንቡ ሥር ቆመ። ጋሽ ዘርጋው ጀመሩ። የመጀመሪያዋ አመለጠች። ሁለተኛዋ አመለጠች። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ለምን? ሊቀመንበሩ ከጀርባዋ ቆሟል፤ እግሯም ያን ድሮ የተጮኸባትን ጩኸት አስታወሰ። ተቸከለ።

አምስተኛዋ ስትመታ አስካለ ጮክ ብላ "አሁን!" አለች። ዘለለች፣ ሮጠች፣ መለሰች። ስድስተኛዋ፣ "አሁን!" ሰባተኛዋ፣ "አሁን!"

ሊቀመንበሩ፣ "ዝም ብለሽ ተጫወቺ እንጂ፣ ሜዳ ላይ አይጮኽም" አላት።

ዞር ብላም አላየችው። "አሁን!" አለች፣ መታች። "አሁን!" አለች፣ መታች። የጎረቤት ሜዳ ተጫዋቾች ጨዋታቸውን ትተው መጡ። አንዳንዷ ኳስ መረብ ላይ ቀረች፣ አንዳንዷ ወጣች። እሷ ግን ያመለጣትን ቆማ አልቆጠረችም፤ ቀጣዩን ጧ ነው የሰማችው። ሠላሳው ሲያልቅ ጋሽ ዘርጋው፣ "ሃያ አንድ" አሉ። ሊቀመንበሩ የቅጥር ወረቀቱን አውጥቶ ፈረመ። 

ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

እግራችሁን አትነቃነቅ ያለው ማነው? እህቴ፣ በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ የምትናገሪው ለምንድን ነው? ወንድሜ፣ "ልጆቼ ይደጉና እማራለሁ" ያልከው ልጅህ እኮ ዘንድሮ አገባ። አንድ ቀን አንድ ሰው አፍህን አስያዘህ፣ አንተም ያን እንደ ደንብ ይዘህ ዕድሜህን ሙሉ ግንብ ሥር ቆምክ። እግዚአብሔር ጠርቶህ፣ ልጄ ብሎህ፣ መሀል ሜዳ አስገብቶህ እንኳ እግርህ ገና ያን ሰውዬ ይሰማል።

ደግሞ እኛን ታውቁናላችሁ። ነገር ካለቀ በኋላ ማንም አይቀድመንም። ሰው ታሞ ሲተኛ አንጠይቅም፣ ሲሞት ግን ድንኳኑን ቀድመን እንተክላለን። ወንድሙን አሥራ አንድ ዓመት ያላናገረ ሰው ለቅሶው ላይ ደረቱን ሲደቃ በዓይኔ አይቻለሁ። ተናደድኩ። አሁንም ስናገረው እናደዳለሁ። ያ ሰው ፍቅር አልነበረውም? ነበረው። ግን ሁሉ ነገር እስኪቆም ጠብቆ ተነሣ።

ጊዜህ አልፏል የሚሉህን አትስማ። ያላለፈው ጊዜህ ይኸው አሁን ጧ ብሎ በጆሮህ ሥር እያለፈ ነው። ያመለጡህን አራቱን እያሰብክ አምስተኛዋን አታሳልፍ። ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው በሕይወት አለ? ስልኩ አለህ? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

እንደ ልማዳችን አሁን እጸልያለሁ፣ እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሜን እስክል ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ጫማና ጃንጥላ ፍለጋ ትጋፋላችሁ፣ የሰማችሁትም እዚሁ ወንበር ላይ ይቀራል። ዛሬ እንደዚያ አይሆንም። እኔ እጸልያለሁ፤ እናንተ ግን አሜን እስክል አትጠብቁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተጣላችሁት ሰው ያላችሁ፣ ተነሡና ወደ እሱ ሂዱ። ደጅ ወጥቶ መደወል ያለበትም ይውጣ፣ በሩ ክፍት ነው። አልቀየምም። እግዚአብሔርም አይቀየምም።

አባት ሆይ...

ምን ታዩኛላችሁ? ጀምሬያለሁ እኮ። ተነሡ።