ገደሉን ያላየው በቅሎ ገሪ

አንድ በቅሎ ገሪ ነበረ። ቆይ አጥናፉ፣ የወንድሜ ልጅ፣ አትቅደመኝ! «እኔ ጋ ሒሳብ ሲያንበለብሉ የነበሩ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ በገቡ በዓመታቸው እየወደቁ የሚመለሱት በማን ጥፋት ነው? እኔ አስተምሬ ልኬአለሁ። አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ቅዳሜ ትምህርት ቤቴ ድረስ መጥተው ምን ሊያደርጉልኝ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለም? መልሱን ሰውዬው ይሰጥሃል። አንተ ብቻ ጆሮ ስጠኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ሣሩ ጉልበት በሚደርስበት ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። የእሱን በቅሎ ያላየ በቅሎ አየሁ አይልም። አንገቷን ቀና፣ ጆሮዋን ቆም አድርጋ ስትሰግር፣ የምትፈስ እንጂ እግር ያላት አትመስልም። የአገሩ መፈተኛ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ አንድ ጎልማሳ እስከ አፉ ጢም ያለ ብርሌ ጠጅ ይዞ ይቀመጥባታል፤ ሜዳውን ከዳር እዳር ታሻግረዋለች። ጠብታ ካልፈሰሰ ሽማግሌዎች «እሰይ!» ይላሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ጠጁን ጋላቢው ይጨልጠዋል፣ በቅሎዋም ተገርታ አለቀች ይባላል። ገሪው በዓለም ላይ ከዚያ እልልታ የበለጠ የሚወደው ድምፅ አልነበረም።

በቅሎዎቹን የሚገዛው አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ እህል ጭኖ ከሜዳው ማዶ ያለውን ገደል ወርዶ ወደ ቆላ፣ ጨው ጭኖ ገደሉን ወጥቶ ወደ ደጋ የሚመላለስ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣና ይገዛል፤ በየዓመቱም ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል።

«አንተ ሰው፣ የሰጠኸኝ በቅሎዎች እኮ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ መራመድ ይጠፋቸዋል። ስንቷን ለአሞራ ሰጠሁ!» ይለዋል ገበያ መሀል።

«ጠጅ የማታፈስ በቅሎ ነፍሷን ታፈሳለች?» ይላል ገሪው። «ይልቅ ጫኞችህን ጠይቅ። ጠጁን የሚጠጡት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም!»

ገበያተኛው በሳቅ ይፈርሳል። ነጋዴው ግን አይስቅም። «እኔ የገዛሁት የተገራ በቅሎ ነው። መግራት ያንተ፣ መጫን የኔ» ብሎ ይሄዳል። ጉድ እኮ ነው! እሱም ሲገዛ የሚመርጠው በዚያችው ብርሌ ነበር።

አንድ ቀን ገሪው ይህንኑ እየሳቀ ሲያወራ ሚስቱ «ለመሆኑ ገደሉን አይተኸው ታውቃለህ?» አለችው።

«ገደል ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ፍየል ነኝ?» አላት።

ይህ ሰው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው። እናቷ ስትወልዳት ሞታ፣ የላም ወተት በእጁ እያጠጣ ነው ያሳደጋት። ድምፁን ከሩቅ ለይታ ታውቃለች፤ «ዳሜ!» ካላት ያለችበት ሆና አንገቷን ሽቅብ ታነሳለች። እንዲያ አድርጎ ነው ያስተማራት፤ ሲያምርባት! እሱ ልጅ አልወለደምና ሰዉ «የገሪው ልጅ» ይላት ነበር። ሊሸጣት ሐሳብም አልነበረው። ግን ዝናብ ቀርቶ ሣሩ የከሰለበት ዓመት መጣ። ዓይኔ እያየ በረት ውስጥ ከምትሞትብኝ አለና ለነጋዴው ሰጣት። ሲሰጥም አፉ አላረፈም።

«ይቺን እንኳ ገደል አይደፍራትም» አለ።

«እንግዲያው አብረኸን ና፤ በዓይንህ እይ» አለው ነጋዴው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ምን ያድርግ? ሄደ።

ገደሉ አፍ ደረሱ። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ወገን አየር ነው፤ መሀሉ ላይ እግር ያለሰለሰው የድንጋይ ደረጃ። ጫኞቹ ዳማዋን ሁለት ስልቻ እህል ጭነው በጠፍር አጠበቁባት። ያኔ ነው ገሪው ክው ያለው። ዳሜ ሰው እንጂ ጭነት ተሸክማ አታውቅም። ዞር ብላ ስልቻውን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«በይ ውረጂ» አለ አንዱ ጫኝ።

ወረደች። እንዴት ወረደች መሰለህ? እንደተማረችው! አንገቷን ቀና፣ ጆሮዋን ቆም አድርጋ፣ እየሰገረች። ስትሰግር የአንድ ጎን እግሮቿን እኩል ስለምታነሳ ስልቻው ወዲያና ወዲህ ይጥላታል፤ አንገቷ ቀና ስላለ ደግሞ የምትረግጠውን አታይም። ከፊቷ ያሉት የነጋዴው አሮጌ በቅሎዎች ግን አፍንጫቸውን ድንጋዩ ላይ ሊያስነኩ ደርሰው፣ አንዱን እግር ካላሳረፉ ሌላውን ሳያነሱ፣ እያሸተቱ ይወርዳሉ። እንዲህ የምትሄድ በቅሎ ሜዳው ላይ ብትታይ መሳቂያ በሆነች! ገሪው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው። ጨነቀው።

«ዳሜ! ቀስ! ዳሜ!» ብሎ ጮኸ።

ድምፁን ሰማች። አንገቷንም ሽቅብ አነሳች። እግሯ ድንጋዩን ሳተ፤ ስልቻው ጎተታት። የወደቀችበት ድምፅ ከታች እስኪሰማ ድረስ ብዙ ቆየ።

ገሪው ባለበት ቁጭ አለ። ነጋዴው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እዚህ የምትፈለገው አንገቷን የደፋች መሆኗን አልነገርከኝም» አለ ገሪው።

«አልጠየቅከኝም» አለ ነጋዴው። ቀጥሎም «እኔስ ብሆን፣ ይህን ገደል በየጊዜው እየወረድኩ በጠጅ ስመርጥ መኖሬ!» አለ። ከዚያ ወዲያ መሰዳደቡ ቀረ።

በመጣው ክረምት ነጋዴው ስልቻና ጠፍሩን ይዞ ሜዳው ድረስ መጣ፤ ሊገዛ አይደለም። ከገሪው ጋር ሆነው ከሜዳው ጀርባ ያለውን ሸለቆ ወረዱና ወጣት በቅሎዎቹን በጭቃና በድንጋይ መሀል እየጫኑ ያለማምዷቸው ጀመር። ገሪውም በተራው ገደሉ ድረስ እየሄደ የላካቸው እንዴት እንደሚወርዱ ያያል። እልል የሚልለት ሰው ግን ጠፋ፤ ሸለቆ ውስጥ ለምትንገዳገድ በቅሎ ማን እልል ይላል? ከዚያ በኋላ አንዲትም አልወደቀች ብዬ አልዋሽህም፤ ገደል ገደል ነው። የሚወድቁት ግን እያነሱ ሄዱ። ገሪው እስከ ዕለተ ሞቱ ለሌላ በቅሎ ስም አላወጣም።

እንግዲህ አጥናፉዬ፣ ገሪው አንተ ነህ፤ አትኮሳተርብኝ! ነጋዴው ዩኒቨርሲቲው ነው። ያቺ ብርሌ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናችሁ ናት። ልጆችህ ከተደረደረው መልስ አንዱን መርጠው ማጥቆር ያውቁበታል፤ እናቶቻቸውም እልል ይላሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን «ለምን እንዲህ ሆነ? ከሥሩ ጀምራችሁ አሳዩ» ይባላሉ፤ ያንን ጭነት ደግሞ ተሸክመውት አያውቁም። አንተ አስተምረሃል፤ የምትልካቸው ወዴት እንደሆነ ግን አላየህም። የዩኒቨርሲቲ መምህራኑም ከላይ ሆነው «ምን ዓይነት ተማሪ ነው የሚልኩልን?» ይላሉ እንጂ ወርደው አልነገሩህም። እናንተ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያንተ ነው ስትባባሉ የሚወድቁት ልጆቹ ናቸው። ቅዳሜ ሲመጡ ሊቆጣጠሩኝ ነው ሳትል በሩን ክፈትላቸው። እዚያ ልጆቹን የሚጠብቀውን ሒሳብ ይዘው ይምጡ፤ እዚሁ በእጃችሁ ሳሉ አብራችሁ አለማምዷቸው። አንተም በሌላው ሳምንት ሂድና እነሱ ክፍል፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

ዳሜን ከዚያ ገደል የሚያወጣት የለም። ተማሪህ የነበረችው የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ግን በሕይወት አለች። ወድቃ ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ወዲህ ሰው እንዳያያት በጓሮ በር ነው የምትወጣው። «አንቺማ ትልቅ ቦታ ትደርሻለሽ» ያልካት አንተ ነህ። ለእሷ ቅዳሜን ምን ያስጠብቅሃል? ተነሥ፣ አሁኑኑ ቤቷ ሂድና እዚያ ምን እንደከበዳት ጠይቃት።