ሃያ ወንበር የተነቀለለት አውሮፕላን

«ቁጠሩ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ የአየር መንገዱ ሥራ አስኪያጅ አቶ አስናቀው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ደረታቸውን ነፍተው እየተንጎራደዱ።

አብራሪዎቹ ቆጠሩ። ሰባ ወንበር ነው። ትናንት ዘጠና ነበር።

ማኅበራቸው ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመው ውል አለ። ከሰባ ወንበር በላይ ያለውን ትልቅ አውሮፕላን የድርጅቱ አብራሪዎች ብቻ ያበሩታል፤ ትንሹን ግን በኮንትራት ለሌላ ኩባንያ መስጠት ይቻላል። አቶ አስናቀውም ሃያ ወንበር አስነቅለው ትልቁን «ትንሽ» አደረጉት። ማኅበሩ «ትንሽ ነው» ብሎ ከፈረመላቸው አርባ አብራሪ ከሥራው ሊባረር ነው።

«ይኸው፣ ትንሽ አውሮፕላን! ይፈርሙ፣ ካፒቴን» ብለው ሳቁ። ሲስቁ የወለቁት የፊት ጥርሶቻቸው ቦታ ወለል ብሎ ታየ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ካፒቴን ዘርይሁን ወንበሩ ሰባ ሆኖባቸው ብዕራቸውን አወጡ። ይሄኔ ወንበሮቹን የነቀለው መካኒክ ከወደ በሩ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ወንበሩን ንቀሉ አሉን፣ ነቀልን። ክንፉንስ እንቁረጠው?»

«አብደሃል? ክንፉ ምን ሆነ?»

«ያው ነው ማለት ነዋ። ሞተሩስ?»

«ሞተሩም ያው ነው!»

ካፒቴኑ ይህን ሲሰሙ ብዕራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

አቶ አስናቀው ደማቸው ፈላ። «አንተ ብሎን ፈቺ! ከውስጡ ሃያ ተነቅሎለታል አይደል? ከውስጡ የተነቀለለት ነገር አነሰ ማለት ነው፣ አለቀ!»

መካኒኩ ፊት ለፊት አያቸው።

«ከእርስዎም እኮ አራት ጥርስ ተነቅሏል፣ ጌታዬ። አፍዎ መቼ አነሰ?»