ብርሃን ይመዝገብ
አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «በር የሰጡት ሰው ቤቱም የራሱ ይመስለዋል» ማለት ያበዛ ነበር። እኔ የምጠብቀው የዩኒቨርሲቲ በር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ መዝገቡ ግን በእኔ እጅ ነው፤ ወደ ግቢ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ ይጻፍበታል።

አንድ ጠዋት አንዲት የማላውቃት ሴት ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ለመምህርነት ልፈተን ነው። በሦስት ሰዓት ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የፊዚክስ ተመራማሪ ነኝ። የብርሃን ቅንጣት አንድ በአንድ ስትመጣ ጠባይዋ ምን እንደሚመስል አሥራ ሁለት ዓመት አጥንቻለሁ።»

«በምን መሣሪያ?»

«በእርሳስ። የእኔ ሥራ ማስላት ነው።»

ሳቄ መጣ። ቦርሳዋን ገልብጬ አየሁ፤ አምፖል የለ፣ ሽቦ የለ፣ ቁጥር ብቻ። ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሆኗል።

«ልጄ፣ እኔን አታታልይም። ብርሃኑን አውጥተሽ ካላስመዘገብሽ በዚህ በር አታልፊም» አልኳት ኮራ ብዬ።

እሷ አልተቆጣችም። ብብቴ ሥር የሸጎጥኩትን ዳዊት በጣቷ እያመለከተች እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ እርስዎ ዛሬ ጠዋት ይህን ዳዊት ይዘው ሲገቡ፣ ጠባቂ መልአክዎን መዝገቡ ላይ የትኛው ገጽ ላይ ጻፉት?»